በሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ሙያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዚህ ሙያ ለቃለ መጠይቅ የሚቀርብ ሰው ብዙ ጊዜ ሰርተፍኬቱን በፋይል ጠርዞ ይመጣል። ጠያቂው ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሲያበቃ ግን "እስኪ ራስዎ የሠሩትን አንድ የስጋት ግምገማ ያሳዩኝ" ይላል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ለዚህች ጥያቄ ሳይዘጋጁ ሥልጠና ብቻ ከመሰብሰብ ነው።

ሥልጠናን፣ የብቃት ማረጋገጫንና የድርጅት ሰርተፍኬትን መቀላቀል

ሦስቱ ይለያያሉ። የኦሻ (የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደህንነትና ጤንነት መሥሪያ ቤት) የ10 ሰዓትና የ30 ሰዓት ኮርሶች የግንዛቤ ሥልጠናዎች ናቸው፤ አንደኛው በዋናነት ለሠራተኛ፣ ሁለተኛው የደህንነት ኃላፊነት ላለበት ተቆጣጣሪ። ካርዱ የሚመሰክረው ሥልጠናውን መጨረስዎን ነው፤ ኦሻ ራሱ የሙያ ማረጋገጫ አይደለም ይላል። ስለዚህ ሲቪ ላይ "በኦሻ የተረጋገጠ ባለሙያ" ብሎ መጻፍ ነገሩን በሚያውቅ ቀጣሪ ዘንድ ያስገምታል። የኔቦሽ (የብሪታንያ የደህንነትና ጤንነት ፈታኝ ቦርድ) ጄኔራል ሰርተፍኬት ፈተናም በሥራ ቦታ ተሠርቶ የሚቀርብ የተግባር ክፍልም አለው። ሲኤስፒ የተባለው የአሜሪካ የደህንነት ባለሙያ ማረጋገጫ ደግሞ ዲግሪ፣ ቢያንስ የ4 ዓመት የሥራ ልምድ፣ አስቀድሞ የተያዘ ተቀባይነት ያለው ሌላ ማረጋገጫና ፈተና ይጠይቃል።

ከሁሉ የባሰው "አይኤስኦ 45001 ሰርተፋይድ ነኝ" የሚለው ነው። በዚህ ዓለም አቀፍ የሥራ ደህንነትና ጤንነት አስተዳደር መስፈርት የሚመሰከርለት የድርጅት አሠራር እንጂ ግለሰብ አይደለም። ግለሰብ የሚወስደው የውስጥ ኦዲተር ወይም የመሪ ኦዲተር (አሠራሩ መስፈርቱን ማሟላቱን የሚመረምር ሰው) ሥልጠና ስለሆነ በዚያው ስሙ ይጻፍ። የቀድሞውን መስፈርት ኦሳስ 18001ን ዛሬም እንደ አዲስ የሚሸጥ ካጋጠመዎት ደግሞ ይለፉት፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው 45001 ተክቶታል።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሰርተፍኬቱን የሚሰጠው አሠልጣኙ ራሱ ነው ወይስ ሌላ ፈታኝ አካል? ቁጥሩ በሰጪው አካል ድረ ገጽ ይጣራል? መውደቅ የሚቻልበት ፈተና አለው? ለሦስተኛው መልሱ "የለም" ከሆነ የሚከፍሉት ለማስታወሻ ወረቀት ነው።

ሜዳ ሳይወርዱ መሪ ኦዲተር መሆን

የአምስት ቀን ኮርስ ማስረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብና ጉድለት እንዴት እንደሚጻፍ ያስተምራል። መወጣጫው መርገጫ ሳንቃ እንደጎደለው የሚያይ ዓይን አይሰጥም። መጀመሪያ ሥራውን ይወቁ፣ ኦዲቱ ይደርሳል።

የስጋት ግምገማን ከሌላ ቦታ መገልበጥ

እጩዎችን በብዛት የሚጥለው ይሄ ነው፤ በፈተናም በቃለ መጠይቅም። የተገለበጠ ግምገማ ወዲያው ይታወቃል፦ "ፎርክሊፍት፤ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል፤ መፍትሔው ሥልጠናና የራስ ቁር።" ይህ ዓረፍተ ነገር የትኛውም መጋዘን ላይ ይለጠፋል፣ ስለዚህም ስለ አንዱም አይናገርም።

ቦታው ላይ ቆሞ ያየ ሰው እንዲህ ይጽፋል፦ "በኋላ በር በኩል ፎርክሊፍትና እግረኛ አንድ መተላለፊያ ይጠቀማሉ። ዕቃ በሚራገፍበት ሰዓት የተደራረበው ጭነት የሾፌሩን እይታ ይጋርዳል። ቢሮ የሚገቡ ሠራተኞችም በዚያው ሰዓት ያልፋሉ።" ችግሩ እንዲህ ከተጻፈ መፍትሔው ራሱ ይመጣል፦ ለእግረኛ ሌላ በር መክፈት፣ ካልተቻለ መሐሉን በብረት አጥር መለየት፣ እስከዚያው የማራገፊያውን ሰዓት መቀየር። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚያስፈጽመው ሰው የሥራ ኃላፊነትና የመጨረሻ ቀን ይቀመጣል።

ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል። አደጋ አምጪውን ነገር ማስወገድ፣ ጉዳቱ ባነሰ ነገር መተካት፣ በግንባታ ወይም በማሽን መከለል፣ የአሠራር ሥርዓት ማበጀት፣ በመጨረሻም የግል መከላከያ ቁሳቁስ። ጀማሪ ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ጓንት ለማዘዝ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ በር ለመክፈት ግን አለቃን ማሳመን ይጠይቃልና። ማሳመኑ ነው ሙያው።

መነሻው የማይታወቅ ቁጥር ሲቪ ላይ ማስፈር

"የአደጋ ምጣኔውን ወደ 4 አወረድኩ" ላለ ሰው የሚቀጥለው ጥያቄ "በስንት ሰዓት ተባዝቶ?" ነው። በኦሻ ስሌት የሚመዘገቡ ጉዳቶች በ200,000 ተባዝተው ለተሠራው ጠቅላላ ሰዓት ይካፈላሉ። 200,000 ማለት 100 ሠራተኛ በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት ሲሠራ ነው። ሥራ ያስቀሩ ጉዳቶችን ብቻ የሚቆጥረው ሌላው የተለመደ ስሌት ግን በብዙ ድርጅቶች በ1,000,000 ይባዛል። 150,000 ሰዓት በተሠራበት ዓመት 3 ሠራተኞች ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ቢደርስባቸውና ሌላ ጉዳት ባይመዘገብ የመጀመሪያው 4 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 20። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሌቱ ካልተገለጸ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ለጥቂት ያመለጠ አደጋ ሪፖርት ዜሮ መድረሱንም እንደ ድል አይጻፉት። አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው መናገር አቁሟል ማለት ነው።

"ጤንነት" የሚለውን ግማሽ መተው

ከፍታ፣ ኤሌክትሪክና እሳት ላይ የበረቱ ብዙ ናቸው። ድምፅ፣ አቧራና ኬሚካል መለካት የሚችል ግን ጥቂት በመሆኑ ይህን መማር ቶሎ ያሳድጋል። ከድምፅ መጀመር ይቻላል። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት በሚለው ልክ፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፦ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት። የኦሻ አስገዳጅ ገደብ ደግሞ ለ8 ሰዓት 90 ሆኖ ጊዜውን በግማሽ የሚቀንሰው በየ5 ዴሲቤሉ ነው፤ ሪፖርት ላይ የትኛውን እንደተጠቀሙ መጻፍ ግድ ነው። መለኪያው ከልኬቱ በፊትም በኋላም በካሊብሬተር (መጠኑ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ መሣሪያ) ይፈተሻል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል ካለፈ የዕለቱ ልኬት ይጣላል። የኋለኛውን ፍተሻ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ቀኑ መክሸፉን ማወቅ ማን ይወዳል።

ጋዝ መለኪያም እንዲሁ ነው። ወደ ታንክ ወይም ጉድጓድ ከመግባት በፊት መጀመሪያ ኦክስጅን (ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ)፣ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዝ፣ በመጨረሻ መርዛማ ጋዝ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው፤ የተለመደው የተቀጣጣይ ጋዝ ሴንሰር በውስጡ በማቃጠል ስለሚሠራ ኦክስጅን ሲያንሰው ያሳሳተ ቁጥር ያነባል። ልኬቱም አፉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይወሰዳል፣ ከአየር የሚከብዱ ጋዞች ታች ይተኛሉና።

የሥራ ማስረጃን ሳይዙ መልቀቅ

ልምድ የሚቆጠረው በሥራ መደብ ስም አይደለም። ለሲኤስፒ ለምሳሌ ከሥራዎ ቢያንስ ግማሹ አደጋን የመከላከል ሥራ መሆን አለበት። ማረጋገጫው ከተገኘ በኋላም ለማደስ በየ5 ዓመቱ 25 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ ይጠየቃል፤ አራት ዓመት ተኝቶ በመጨረሻው መሮጥ የተለመደ ጭንቀት ነው።

በወር ግማሽ ሰዓት መድበው አንድ ሰንጠረዥ ይሙሉ፦ ቀን፣ የሠሩት ሥራ፣ የወሰኑት ነገር፣ የተቀየረው ነገር፣ ማስረጃው ያለበት ቦታ። ከድርጅቱ ሰነድ ሲወስዱ ፈቃድ ይጠይቁ፤ የተጎጂ ስምና የሕክምና መረጃ ይሰረዝ። ሥራ ሲለቁ ደግሞ "በደህንነት ሠራተኛነት አገልግሏል" የሚል ደረቅ ደብዳቤ አይቀበሉ። የሥራ ዝርዝሩ፣ ከጊዜዎ ስንት በመቶው በደህንነት ሥራ ላይ እንደዋለና የተቆጣጠሩት የሠራተኛ ብዛት ይጻፍልዎ፤ ይህን የሚያውቅልዎ አለቃ ገና ወንበሩ ላይ ሳለ።