ኢንጂነሪንግን በኦንላይን ከመሠረቱ ለመማር

አዳማ ተቀምጣችሁ የኢንጂነሪንግን መሠረት ለመማር የግድ ዩኒቨርሲቲ መግባት የለባችሁም። ኢንተርኔት ያለው ስልክ፣ ደብተር፣ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃል። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። ከመሀል የጀመረ ሰው ቶሎ ተስፋ ይቆርጣል።

መጀመሪያ ካልኩለስን ያዙ። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቶቹን በነፃ በሚለቅበት ድረ ገጽ፣ በኦፕን ኮርስ ዌር ላይ፣ ቁጥሩ 18.01 ነው። ምዝገባም ክፍያም የለውም። ሌክቸሩ፣ መልመጃውና ፈተናው ከነመልሱ አለ። የ12ኛ ክፍሉን ዴሪቬቲቭ ካልረሳችሁት ግማሹን በፍጥነት ታልፉታላችሁ። ከጎኑ ፊዚክሱን፣ 8.01ን፣ ማስኬድ ይቻላል። ቪዲዮውን በሌሊት ፓኬጅ፣ በዝቅተኛ ጥራት አውርዱት። እንግሊዝኛው ከፈጠነባችሁ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉ፤ ከሥር የሚወጣውንም ጽሑፍ አብሩ።

ቀጥሎ ስታቲክስ፣ ማለትም በማይንቀሳቀስ አካል ላይ የሚያርፉ ኃይሎች ጥናት፣ ነው። እዚህ ጋ በፍጹም አትቸኩሉ። የኢንጂነር አስተሳሰብ የሚጀምረው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቁልፉም ፍሪ ቦዲ ዲያግራም ነው፤ አንድን አካል ብቻውን ነጥሎ የሚያርፉበትን ኃይሎች በቀስት የሚያሳይ ሥዕል ማለት ነው።

ፎቅ በሚሠራበት ቦታ፣ ርብራብ ላይ የተዘረጋ 4 ሜትር ጣውላ አስቡ። ሁለት ጫፉ ላይ ተደግፏል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሠራተኛ ከግራው ጫፍ 1 ሜትር ገባ ብሎ ቆሟል። ክብደቱ ወደ 600 ኒውተን ይጠጋል። የጣውላውን ክብደት ለጊዜው እንተወው።

አሁን ጣውላውን ብቻውን ሳሉት። ርብራቡን አጥፉና በምትኩ ወደ ላይ የሚገፉ ሁለት ቀስቶች አድርጉ። በግራው ጫፍ ዙሪያ ሞመንት (ኃይል ሲባዛ ከጫፉ ባለው ርቀት) ውሰዱ፦ 600 ሲባዛ በ1፣ ከቀኙ ድጋፍ ሲባዛ በ4 ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ቀኙ 150፣ ግራው 450 ኒውተን ይሸከማል። ሠራተኛው መሀል ላይ ቢቆምስ? መልስ ሳታዩ ሥሩት። ሥዕሉን ዘሎ ወደ ቀመር መሮጥ ልማድ ከሆነ በኋላ ለማረም ይከብዳል።

ሌክቸር ማየት ብቻውን መማር አይደለም። ለመልመጃው የሌክቸሩን እጥፍ ጊዜ ስጡት። የሚያርማችሁ ጓደኛ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው! የሚከፈልበት ሰርተፊኬት ለጊዜው ይቆይ።

የስታቲክሱን ፈተና ሰዓት ይዛችሁ ስትሠሩት አብዛኛውን ካገኛችሁ፣ ወደ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ፣ ማለትም ቁሶች ጭነትን እንዴት እንደሚቋቋሙ ወደሚያጠናው ትምህርት፣ እለፉ። ከአዳማ ዳር የቆሙት 1.5 ሜጋ ዋት የንፋስ ተርባይኖች ምሰሷቸው ሲገፋ ከሥሩ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ማስላት የምትጀምሩት እዚያ ነው።