የሴንትሮሶሞችን መተሳሰርና መለያየት በክርና በስንደዶ የማስተማር ዘዴ

እኔ በማስተምርበት በደሴ፣ ስለ ሕዋስ ክፍፍል ሲነሳ ተማሪው ቶሎ የሚያስበው የሽንኩርት ሥር ነው፤ ይሁን እንጂ የሽንኩርት ሕዋስ ሴንትሮሶም፣ ማለትም በእንስሳት ሕዋስ ውስጥ የክፍፍሉን እንዝርት ጫፎች የሚያደራጀው አካል፣ ስለሌለው ይህን ርዕስ በእርሱ ማሳየት አይቻልም። በምትኩ አራት የእስክሪብቶ ቀፎ ቁራጮች፣ የኮምቦልቻ ጥጥ ክር፣ በውኃ የተለወሰ የዱቄት ማጣበቂያ፣ የሻማ ሰምና ጥቂት ስንደዶ አዘጋጁ።

በመጀመሪያ ቀፎዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ፣ የአጭሩ ጫፍ የረጅሙን ጎን በቀጥተኛ ማዕዘን እንዲነካ፣ በሰም አያይዟቸው። እያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሴንትሮሶም ሲሆን ረጅሙ እናት ሴንትሪዮል (በሴንትሮሶም ውስጥ ያለ ቱቦ መሰል አካል)፣ አጭሩ ዲኤንኤ በሚባዛበት ወቅት ከጎኗ የበቀለች ልጅ ናት። ከዚያም የሁለቱን እናቶች ግርጌ ማጣበቂያ ቀብታችሁ ከየግርጌው ጥቂት ክሮች ለጥፉ፤ ክሮቹም መሃል ላይ እርስ በርስ ይጠላለፉ። ማጣበቂያው ሲ-ናፕ1፣ ክሮቹ ሩትሌቲን የተባሉት ፕሮቲኖች ናቸው።

ማሰሪያውን በመቀስ እንዳትቆርጡ አደራ። እኔ አንድ ጊዜ ቆርጬ በማሳየቴ ተማሪዎቼ ፕሮቲኑ የሚበጠስ መስሏቸው፣ ያንን ለማረም ሌላ ክፍለ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ኔክ2ኤ የተባለው ኢንዛይም የሚያደርገው በሲ-ናፕ1ና በሩትሌቲን ላይ ፎስፌት ለጥፎ ማሰሪያውን ማላላት ነው፤ ስለዚህ በጣት ውኃ እያንጠባጠባችሁ ማጣበቂያውን አላሉት። ሌላ ተማሪ ደግሞ በጨርቅ እያደረቀ መልሶ ይጫነው፤ እርሱ ፎስፌቱን የሚያነሳው ፒፒ1 የተባለ ኢንዛይም ነው። ክፍፍሉ ሲቃረብ ፒኤልኬ1 የተባለ ኢንዛይም ኤምኤስቲ2 በተባለ ሌላ ኢንዛይም በኩል ሚዛኑን ወደ ኔክ2ኤ ስለሚያዘነብል፣ አድራቂው ያን ጊዜ እጁን ይሰብስብ።

የላላ ሁሉ ግን አይለያይም፤ የሚገፋው ኢጂ5 የተባለ ሞተር ፕሮቲን ነው፤ እርሱን የሚወክሉት ጣቶቻችሁ ሲሆኑ፣ ስንደዶዎቹ የሚራመድባቸው ማይክሮቱቡል የተባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ናቸው። ከየሴንትሮሶሙ የወጡ ስንደዶዎችን ትይዩ አድርጋችሁ ደራርቧቸው፤ ጣቶቻችሁ በሁለቱም ላይ ወደየጫፋቸው ሲራመዱ ሴንትሮሶሞቹ ይራራቃሉ፣ እንደ እንዝርት ሁለት ጫፉ የሾለ መዋቅርም ይዘረጋል። ሲዲኬ1 የተባለው ኢንዛይም ፎስፌት ካልለጠፈበት ኢጂ5 በስንደዶው ላይ በሚገባ አይሰፍርም። ሞናስትሮል የተባለው ውህድ ኢጂ5ን ሲያግደው ደግሞ ባለ አንድ ዋልታ እንዝርት ይፈጠራል፣ ክሮሞሶሞቹም ዙሪያውን ይከብቡታል፤ ይህንን ለማሳየት ጣታችሁን ማቆም ይበቃል።

እናትና ልጅን ያያዘውን ሰም እስካሁን አትንኩት። እርሱ ከክሩ የተለየ ማሰሪያ ነው፤ የሚፈታውም ክፍፍሉ ሊያበቃ ሲል በፒኤልኬ1ና ሴፓሬዝ በተባለ ኢንዛይም ነው። ሴፓሬዝ በእርግጥ ፕሮቲን ይቆርጣልና፣ መቀሱን ያን ጊዜ አውጡ።