ስልክዎን የሰረቀው ሰው ደጋጋሚ ወንጀለኛ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?

በሐዋሳ መናኸሪያ ግርግር ስልክዎ ከተሰረቀ፣ ውለው ሳያድሩ በአቅራቢያዎ ላለው ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ፤ የስልኩን መለያ ቁጥርም ከካርቶኑ ላይ ገልብጠው ይስጡ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 665፣ ስርቆትን በቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ደግሞ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ተከሳሹ የቀድሞ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ በ5 ዓመት ውስጥ ሌላ ወንጀል አስቦ ከሠራ ግን፣ አዲሱ ወንጀል ቢያንስ 6 ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ እስከሆነ ድረስ፣ በደጋጋሚነቱ ቅጣቱ ሊከብድበት ይችላል። ይህ የሚሆነው የቀድሞው ፍርድ በማስረጃ ሲቀርብ ነው፤ «ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል» ማለት፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ለችሎት አይበቃም። ስለዚህ ቀድሞ እንደተፈረደበት የሚያውቁ ከሆነ የትኛው ፍርድ ቤትና መቼ እንደሆነ ለመርማሪው ይንገሩ፤ ለምስክርነት ሲጠሩም አይቅሩ።