ንጹሕ መብራት፣ የሚጨስ ማጀት፦ ስለ ኤሌክትሪክ ኃይላችን ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ የማያወራ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራበታል፣ ጋዜጠኛው ይዘግበዋል፣ ታክሲ ውስጥ ክርክር ይነሳበታል። ደስ ይላል፤ ለብዙ ዓመታት ለመሐንዲሶች ብቻ የተተወ ጉዳይ ነበርና። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የተባለው መንግሥታዊ ድርጅት አገሪቱን ከጭስና ከነዳጅ ለማላቀቅ ምን ድርሻ አለው ሲባል ያው የተለመዱ ስህተቶች ይመላለሳሉ። በእኔ እምነት ድርጅቱ ንጹሕ ኃይል የማመንጨቱን ሥራ በአብዛኛው ሠርቶታል። ገና ያልተሠራው ያንን ኃይል ሳይቆራረጥ እስከ ማጀት የማድረሱ ሥራ ነው፤ ከታች የማነሳቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ካለማየት ነው።

የአውሮፓን መለኪያ እንዳለ ማምጣት

ስለ ኃይል ሽግግር ሲጻፍ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚነሳው የዴንማርኩ ኦርስቴድ ነው። ድርጅቱ ዶንግ ኢነርጂ ይባል በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ከሚያመርተው ኤሌክትሪክና ሙቀት 85 በመቶ ያህሉ ከድንጋይ ከሰልና ከመሳሰሉት ይገኝ ነበር። ይህን በአንድ ትውልድ ዕድሜ ገልብጠን 85 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ እናደርገዋለን ብሎ ተነሳ፤ አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ፈጀበት። እ.ኤ.አ. በ2017 የነዳጅና የጋዝ ሥራውን ሸጦ ስሙን ቀየረ፣ ባሕር ላይ በሚተከሉ የነፋስ ተርባይኖችም ከዓለም ግንባር ቀደም ሆነ። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አውሮፓ በጋዝ እጥረት ስትጨነቅ የአገሩ መንግሥት ሊዘጉ የነበሩ የከሰል ማመንጫዎችን አቆይ ብሎ አዞታል።

እንዲህ ላለው ድርጅት «ምን ዘጋህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚዘጋ የከሰል ማመንጫ የለም። ከሚመነጨው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውኃ ነው፤ የቀረውም በአብዛኛው የነፋስ። ይህን ቁጥር ይዞ «ኢትዮጵያ ሽግግሩን ጨርሳለች» ብሎ መጻፍ፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሶ ሙሉ ማርክ እንደመጠበቅ ነው። እኛን የሚመለከተው ጥያቄ፣ ንጹሑ ኃይል ጭሱ ያለበት ቦታ ደርሷል ወይ የሚለው ነው።

መብራቱ ንጹሕ ስለሆነ አገሩም ንጹሕ ነው ማለት

አልደረሰም። አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ የኤሌክትሪክ ድርሻ ትንሽ ነው፤ ትልቁን የያዙት ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና ጭራሮ ናቸው። ጭሱን የሚምጉት ደግሞ እናቶችና ማጀት የሚውሉ ሕፃናት ናቸው። ይህን ከመሠረቱ መለወጥ የሚችል አንድ ዕቃ አለን፤ ምጣድ።

ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። 10 ዋት የሚበሉ 350 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። የሰፈሩ ትራንስፎርመር 200 ኬቪኤ ቢሆን (ለምጣድ ጭነት 200 ኪሎዋት ያህል ማለት ነው)፣ ሌላ ምንም ዕቃ ሳይሰካ፣ 57 ምጣድ ላይ አቅሙ ያልቃል። ከአንድ ትራንስፎርመር ላይ ግን ከዚያ የሚበልጥ አባወራ ይቀጠላል፣ የበዓል ዋዜማ ደግሞ ሁሉም ቤት ይጋግራል። ያኔ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሙቀቱ ከቮልቴጁም በባሰ ፍጥነት ነው የሚወርደው፤ 220 የነበረው 180 ሲሆን ምጣዱ የሚሰጠው ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ያሽቆለቁላል። ምጣዱ አልግል ይላል፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሊጡ ከሚገባው በላይ ይኮመጥጣል፣ በአንድ ሰዓት ያልቅ የነበረው ጋገራ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሁሉም ምጣድ እንዲህ ሲቆይ ጭነቱም አብሮ ይቆያል፤ በመጨረሻ ፊውዙ ይበጠስና ሰፈሩ ይጨልማል። በማግስቱ ከሰል ይገዛል።

በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለች ማንኛዋም እናት የከሰል ምድጃዋን አትጥልም፤ መብራት እንደሚሄድ ታውቃለችና። ስለዚህ ጉባ ላይ ተርባይን ሲዞር የምናወራውን ያህል፣ ትራንስፎርመር ወደ ከፍተኛ አቅም ስለሚቀየርለት ሰፈርም ማውራት አለብን። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉንም ቤት ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመሩ ውጭ በፀሐይና በመሳሰለው። አልተደረሰበትም። የተደረሰበት ቢሆን እንኳ ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ የፀሐይ መብራት ልጅ ያስጠናል፣ ስልክ ይሞላል እንጂ እንጀራ አይጋግርም። «መብራት ገብቷል» በሚለው ቆጠራ ውስጥ ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ሜጋዋት ቆጥሮ መርካት

የሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይህ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ ኃይላቸው ሲዞሩ በዚያች ቅጽበት የሚሰጡት ነው። በዓመት ያመነጫል ተብሎ የታቀደው ደግሞ 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጊጋዋት ሰዓት የሚለካው በጊዜ ብዛት የተጠራቀመውን ጠቅላላ ኃይል ነው። ተርባይኖቹ ዓመቱን ሙሉ ሳያርፉ ቢዞሩ 45,000 ጊጋዋት ሰዓት ያህል ይሆን ነበር፤ እንግዲህ የሚጠበቀው የዚህ 35 በመቶ ነው። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም። የዓባይ ውኃ በአብዛኛው የክረምት ስለሆነ፣ ፍላጎት ከፍ በሚልበት ሰዓት ብዙ ለማመንጨት እንዲቻልም ተብሎ፣ አቅሙ ከአማካዩ ፍሰት በላይ ተደርጎ ይሠራል። ስህተቱ ሜጋዋቱን ይዞ «ይህን ያህል ሚሊዮን ቤት ያበራል» ብሎ ማካፈሉ ላይ ነው። ድርጅቱን ስትጠይቁ በዓመት ስንት ጊጋዋት ሰዓት እንዳመነጨና ከዚያ ስንቱ መንገድ ላይ ሳይባክን ቆጣሪ ላይ እንደደረሰ ጠይቁ።

ሁሉን በዝናብ ላይ መጣል

በ2011 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሶ 476 ሜጋዋት ጎደለ፤ ቤትም ፋብሪካም ተራ ገባ፣ ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆመ። 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ ውኃ ካጣ ኮንክሪት ብቻ ነው የሚቀረው። ሕዳሴ አሁን በሌላ ተፋሰስ ላይ መጨመሩ ጭንቀቱን ያቀልላል፤ ቢሆንም ኦሞም ዓባይም የሚጠብቁት ያንኑ ክረምት ነው።

እዚህ ላይ «ውኃ እያለን ነፋስ ምን ያደርግልናል?» የሚለው ክርክር ይነሳል፤ ከሁሉም ስህተቶች በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በእኛ አገር ነፋስ የሚበረታው በበጋ ነው፤ በክረምት ይዳከማል። የአዳማዎቹ ሁለት ጣቢያዎች 51 እና 153 ሜጋዋት፣ አሸጎዳ 120፣ አሰላ 100 ሜጋዋት አላቸው። እነዚህ በጥርና በየካቲት ሲዞሩ የግድቡ ኦፕሬተር በር ቀነስ አድርጎ ውኃውን ለነገ ያቆየዋል። ነፋሱ ሲቆም ውኃው ይተካል። ብዙ አገሮች ውድ ባትሪ ገዝተው የሚያገኙትን ይህን ጥቅም እኛ ሐይቃችን ውስጥ አለን። የከርሰ ምድር እንፋሎትም አለ። ያው ስምጥ ሸለቆ ኬንያ ውስጥ ኦልካሪያ ላይ ተቆፍሮ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማ በዚህ መንገድ ይገኛል። የእኛው አሉቶ ላንጋኖ 7.3 ሜጋዋት ሆኖ ተሠርቶ ለዓመታት የሙከራ ያህል ብቻ ቀርቷል። እንፋሎት ዝናብ አይጠብቅም፣ ነፋስም አይጠብቅም፤ ቁፋሮው ግን ገንዘብና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከዝናቡ ጋር አብሮ የሚረሳው ተራራው ነው። በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ከአዋሽ የላይኛው ተፋሰስ እየታጠበ በሚመጣ ደለል ውኃ የመያዝ አቅሙን ብዙ አጥቷል፤ እምቦጩም ሌላ ጣጣ ነው። ተራራው የተራቆተው ለእርሻ ብቻ አይደለም፣ ለማገዶና ለከሰልም ጭምር ነው። ማጀቱ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ዛፍ ይቆረጣል፣ አፈሩ ወርዶ ሐይቁን ይሞላል፣ ሐይቁ ሲሞላ ኃይል ይቀንሳል። ለዚህ ነው የኃይል ድርጅት ችግኝ ሲተክልና እርከን ሲያሠራ የታይታ ሥራ አድርጎ ማየት ተገቢ የማይሆነው።

ጥፋቱን ሁሉ «መብራት ኃይል» ላይ መለጠፍ

መብራት ኃይል የሚለው የድሮ ስም አፋችን ላይ ቀርቷል እንጂ ድርጅቱ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ መስመርም ያስተላልፋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ወደየሰፈሩ ያከፋፍላል፣ ቆጣሪ ያስገባል፣ ሂሳብ ይሰበስባል። የሰፈራችሁ ፊውዝ ሲበጠስ ተጠያቂው ሁለተኛው ነው። የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይለዩ መክሰስ ሁለቱንም ከተጠያቂነት ያድናል።

ለውጭ የሚሸጠው ከእኛ ጉሮሮ ተነጥቆ ነው ማለት

ቁጭቱ ይገባኛል። ጎረቤት አገር ሲበራ የገጠሯ ልጅ በኩራዝ ስታጠና ማንንም ያማል። ግን ለኬንያ መሸጥ ቢቆም ያች ልጅ መብራት አታገኝም፤ ያጣችው የስርጭት መስመሩን ነው። ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ውስጥ እስከ ሱስዋ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ የተዘረጋው የ500 ኪሎቮልት መስመር ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኃይል ያስተላልፋል። ጅቡቲ ደግሞ ከእኛ መግዛት ከመጀመሯ በፊት ኤሌክትሪኳን የምታገኘው ነዳጅ አቃጥላ ነበር። አንዱ አገር ያመነጨው ንጹሕ ኃይል የሌላውን ጭስ ሲቀንስ ማለት ይህ ነው።

በተቃራኒው ሽያጩን ሁሉ እንደ ድል መቁጠርም ትክክል አይደለም። ቢትኮይን ለሚያመርቱ የዳታ ማዕከላት የሚሸጠውን እንመልከት። በቀጥታ ከማከፋፈያ ጣቢያው ስለሚወስዱ የሰፈር መስመር አያስፈልጋቸውም፣ ሌሊትም ቀንም እኩል ይጠቀማሉ፣ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። ለሻጩ የሚመች ደንበኛ ነው። ነገር ግን ገንዘቡ ተመልሶ ኬብልና ትራንስፎርመር ካልገዛ አንድም ምጣድ አያግልም። እኔ ብጠየቅ ከውጭ ሽያጭ የሚገኘው ምንዛሪ ለስርጭት መስመር ብቻ እንዲውል በሕግ እንዲታሰር እጠይቃለሁ።

የኤሌክትሪክ መኪናን ብቻ ማየት

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነዳጁን በዶላር ነው የምንገዛው። ሆኖም ቤት ውስጥ 7 ኪሎዋት የሚስብ ቻርጀር የሁለት ምጣድ ጭነት ነው፤ የሚሰካውም እዚያው የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው። ባለመኪናው ከእራት በኋላ፣ ሌሊት ቢሞላ ለሁሉም ይበጃል።

ካርቦን ስለሌለው ጉዳትም የለውም ማለት

ጊቤ ሦስት ከመሠራቱ በፊት የኦሞ ወንዝ በየዓመቱ ሞልቶ ዳርቻውን ያጥለቀልቅ ነበር፤ ታችኛው ኦሞ ያሉ ማኅበረሰቦችም ውኃው ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ ፍሰቱን ሲያስተካክል ያ ጎርፍ ቀረ። የእነሱ ኑሮ የዚህ ንጹሕ ኃይል ዋጋ አካል ነው፣ በሂሳቡም ውስጥ መግባት አለበት። ከጊቤ ሦስት በታች በዚያው ወንዝ ላይ ኮይሻ እየተገነባ ስለሆነ ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም።

ታሪፍ ላይ በጭፍን መከራከር

አንዱ ወገን ታሪፍ አይነካ ይላል። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ አንስቶ እስከ 2011 ድረስ አልተነካም፤ ውጤቱ ድርጅቶቹ መስመር የሚያድሱበት ገንዘብ ማጣታቸው ነበር። ሌላው ወገን ወጪውን ሙሉ በሙሉ እስኪሸፍን ይጨመር ይላል፤ በ2011ም በ2017ም ጭማሪው ደረጃ በደረጃ እንዲሆን ተደርጎ ወጥቷል።

ሁለቱም የሚያልፉት ነገር አለ። በ2011 ጭማሪ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በታች የሚጠቀሙ ቤቶች እንዳይነኩ ተደርጓል፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ግን የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወደዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ቤት በምጣድ ብቻ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። 50 ኪሎዋት ሰዓት አምፖልን ይጠብቃል፣ ማጀትን አይጠብቅም። አዲስ አበባ ውስጥ አራት አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ደግሞ ሁሉም ድሃ ሆኖ ሳለ ብዙ ኃይል በሚጠቀም ቤት ዋጋ ይከፍላል። አከራዩም ሂሳቡን አይቶ «ምጣድ አይፈቀድም» ይላል፤ ተከራይዋ ወደ ከሰል ትመለሳለች። እዚህ ላይ ታሪፍ የሚያወጣው አካል ሊያደርገው የሚችለው ግልጽ ነው፤ የድሃውን እርከን ምጣድ እስኪያካትት ከፍ ማድረግ፣ በጋራ ቆጣሪ ላይም ፍጆታውን በአባወራው ቁጥር አካፍሎ ማስከፈል።