ያላረፈድኩበት የማርፈድ ማስጠንቀቂያ እንዴት እንደተሻረልኝ

የፊርማ መዝገቡን የሚይዘው ባልደረባዬ፣ የመግቢያ ሰዓታችን 2፡30 ገና ሳይሞላ፣ አርፍዷል ብሎ ከስሜ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርብኝ ጀመር። በሦስተኛው መስመር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

መጀመሪያ ተጨቃጨቅኩ፤ ባሰበት። ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጡንን አንድ ጋሼ ሽማግሌ ላክሁበት፤ ቡና ጠጥተን ተሳሳቅን፣ ሰኞ ቀዩ መስመር ተመለሰ። ለአለቃዬ በቃል አቤት ብል «ተስማሙ» አለኝ።

ያን ጊዜ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ገለጥኩ። በአንቀጽ 27 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ ሠራተኛ የስንብት ቅድመ ማስታወቂያ ሳይሰጠው ሊሰናበት ይችላል። ሦስቱ ተቆጥረውብኛል ማለት ነው! (የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከተው ሌላ ሕግ ነው።)

መፍትሔው የተገኘው ከበር ነው። ጥበቃዎቹ ላፕቶፕ ሲገባ መለያ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም እንደሚጽፉ ትዝ አለኝ። ለሰው ሀብት ክፍል የአንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ፦ ሦስቱ ቀኖች፣ የገባሁበት ደቂቃ፣ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን እንዲታዩ ጥያቄ። ስለ ሰውዬው ጠባይ አንድም ቃል አላነሳሁም፤ እጄን ቢበላኝም። በሁለት ቅጂ አድርጌ መዝገብ ቤት አስገባሁ፤ በእጄ በቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደረግሁ። ያለዚያ «አልደረሰንም» ማለት ቀላል ነው።

በአራተኛው ቀን መዝገቦቹን አመሳከሩ። «ተሰርዟል፣ ግባ» ቢሉኝም መሻሩ በደብዳቤ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። ግልባጩ አሁን በግል ማኅደሬ፣ ከማስጠንቀቂያው ጀርባ ተያይዟል።