ከደጋ ወደ ድሬዳዋ ለሚዛወር መምህር

ከደጋ አገር ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚዛወር መምህር አስቀድሞ የሚጨነቀው ስለ ሙቀቱና ስለ ቤት ኪራዩ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከደብረ ማርቆስ መጥቼ በዚህች ከተማ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ እንዳየሁት፣ አዲስ መጪን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው የከተማዋን ሰዓት አለማወቁ ነው። ድሬዳዋ በማለዳ ትሠራለች፣ ቀትር ላይ ታርፋለች፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ትነቃለች። ቤት ፍለጋውም፣ የትምህርት ዝግጅቱም፣ ጉርብትናውም በዚሁ ልክ የተሰፋ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምሰጠውን ምክር አብዛኛውን ይኸው ነገር ያያይዘዋል።

በመጀመሪያ ግን ወረቀት። የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ ወዲያው ሻንጣ ማሰር ስሕተት ነው። ከሚለቁት ትምህርት ቤት ክሊራንስ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የሥራ ልምድ፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት፣ የደረጃ ዕድገት የተሰጠባቸው ደብዳቤዎች፣ እንዲሁም ደመወዝዎ እስከ የትኛው ወር እንደተከፈለ በግልጽ የሚያሳይ ማስረጃ ሊይዙ ይገባል። የደረጃ ዕድገቱን ነገር አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከመምህርም ወደ ከፍተኛ መምህር የተሸጋገሩባቸው ደብዳቤዎች በግል ማኅደርዎ ውስጥ ከሌሉ፣ የሚቀበልዎት መሥሪያ ቤት የለፉበትን ዓመት ሊያውቅልዎት የሚችልበት መንገድ የለውም። ማኅደሩ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት የሚላክ ቢሆንም፣ የእያንዳንዱን ገጽ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ፤ በስልክዎም ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። እኔ ስዛወር ደመወዝ የተቋረጠበትን ወር የሚገልጸው ደብዳቤ ከማኅደሩ ጋር ሳይላክ ቀርቶ፣ ያ አንድ ገጽ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ ያለ ደመወዝ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ የሦስት ወር ወጪ የሚችል ገንዘብ ሳይቋጥሩ አይነሡ። ከቀበሌዎም መሸኛ ያውጡ፤ በአዲሱ ቀበሌ መታወቂያ ሲጠይቁ በቅድሚያ የሚፈለግብዎት እሱ ነው።

ጉዞው ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ነው። በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው አዋሽን አልፎ የጭሮንና የቁልቢን ከፍታ ይወጣና፣ ከደንገጎ ጀምሮ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ይወርዳል፤ ጆሮው ይደፈናል፣ የለበሰውን ሹራብ የሚያወልቀውም እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። በባቡር ከመጡ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ መሆኑን ዐውቀው ለባጃጅ ወይም ለታክሲ የሚሆን ገንዘብ ለይተው ይያዙ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በመሆኑ፣ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ መጓጓዣም ሆነ ማደሪያ ማግኘት እጅግ ስለሚከብድ፣ ዕቃ ጭኖ ለመምጣት ሌላ ጊዜ ይምረጡ። ከተቻለ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይድረሱ፤ መስከረም ከመግባቱ በፊት ቤት ለማግኘትና ሰውነትን ለማለማመድ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ከባድ ብርድ ልብስ አያስፈልግዎትም። አንድ ጋቢ ግን ይዘው ይምጡ፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ይፈለጋል፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ሐረር ሲወጡም ያስፈልጋል።

የከተማዋ አነሣሥ ለአዲስ መጪ የሚያጽናና ነገር አለው። የጂቡቲው ባቡር ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ፣ በ1895 ዓ.ም ሐዲዱ ተራራው ሥር በደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ስሙም በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ይባል ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሐዲድ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ጉምሩክ ጸሐፊው ከየአገሩ እየመጣ የሠፈረባት በመሆኗ፣ እዚህ «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ ጨዋታ መጀመሪያ ነው፤ በጥርጣሬ የሚጠየቅ አይደለም። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ ወገን ቀጥ ያሉ፣ ዛፍ የጠለላቸው መንገዶች ያሉባት ከዚራ፣ በሌላው ወገን የቀፊራን ገበያ ያቀፈችው መጋላ ይገኛሉ።

ቤት ሲፈልጉ ደላላው በጠዋት ሊያሳይዎት ይፈልጋል፤ በጠዋት ደግሞ ሁሉም ቤት ቀዝቃዛ ነው። እርስዎ ግን ቤቱን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይዩት። ገብተው በሩን ይዝጉና ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ፤ ወደ ምዕራብ የዞረውን ግድግዳ በመዳፍዎ ይንኩት። ግድግዳው እንደ ምጣድ የሚያቃጥል ከሆነ፣ ያን ሙቀት እስከ እኩለ ሌሊት እየተፋው ያድራል፤ እርስዎም በማግሥቱ ሳይተኙ ክፍል ይገባሉ። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ኪራዩ ቢቀንስም አይከራዩ። ፊትና ኋላ የሚተያዩ መስኮቶች፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ግቢው ውስጥ አንድ ጥላ ያለው ዛፍ፣ እነዚህ ሦስቱ ካሉ የግቢው አሮጌነት አያሳስብዎት። ከትምህርት ቤቱም በእግር የሚደረስበትን ሠፈር ይምረጡ፤ እኩለ ቀን ላይ ለምሳ ወደ ቤት መመለስ የሚችል መምህር ከሰዓት በኋላ ለሚያስተምረው ክፍል ጉልበት ይተርፈዋል።

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስለሚታይ፣ ዳርቻው ላይ ያለ ርካሽ ቤት ያታልላል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ሌሊት በድንገት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ጎርፉን የሚያመጣው ከበላይ ባሉት የሐረርጌ ተራሮች ላይ የሚዘንበው ዝናብ ስለሆነ፣ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ ሊመጣ ይችላል። ከወንዙ ራቅ ብለው ይከራዩ፤ በክረምትም ተማሪዎችዎን አሸዋውን አቋርጠው እንዳይሄዱ ያስጠንቅቁ።

ውሃ ሌላው ነገር ነው። ቤቱን ሲያዩ ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ግቢው ሮቶ እንዳለው አከራዩን ብቻ ሳይሆን ተከራዮቹንም ይጠይቁ። ውሃው ከጉድጓድ የሚወጣና ኖራ የበዛበት በመሆኑ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዬ ገና በጥቂት ሳምንት ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዞ አገኘሁት፤ አቼቶ ጨምረህ አፍላው ብለው ያስተማሩኝ አንዲት እናት ጎረቤቴ ናቸው። ይህ ለጤና የሚያስደነግጥ ጉዳይ አይደለም። የሚያሳስበው ውሃ የምናጠራቅምበት በርሜልና ጀሪካን ነው። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም ክረምት ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ንጹሕ በሚመስል የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ የምትፈለፈልና በቀን የምትናከስ ናት። በ2014 ዓ.ም ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት የሆነችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ እንዲሁ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ በርሜልዎን ይክደኑ፣ በየሳምንቱ አራግፈው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉ፣ ሌሊት በአጎበር ይተኙ። ትኩሳት ከያዘዎት ተመርምረው የሕመሙ ምንነት እስኪታወቅ ድረስ አስፕሪንም ሆነ አይቡፕሮፌን አይውሰዱ፤ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉና።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ፤ ከሁሉ አስበልጬ ልጽፍ የምፈልገው ይህን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ስም ስጠራ «ሂቦ» የሚል ስም አገኘሁና ወንድ መስሎኝ «አቤት በል» አልሁ። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ተነሣችና ዝም ብላ ቆመች፤ ክፍሉ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም። ሂቦ በሶማሊኛ ስጦታ ማለት መሆኑን፣ የሴት ስም መሆኑንም ያወቅሁት በዕረፍት ሰዓት ባልደረባዬን ጠይቄ ነው። በማግሥቱ ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያ ወዲህ አዲስ ክፍል ስቀበል የስም ዝርዝሩን ከአንድ ቀን በፊት ከዩኒት ሊደሩ ወስጄ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ከሚችሉ ባልደረቦቼ ጋር ስም በስም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ በኦሮምኛ «ዸ» የሚባለውን ድምፅም ከምላሴ ጋር እስኪዋሐድ ተለማምጄዋለሁ። ይህ ግማሽ ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው። ስሙን አጣምሞ የሚጠራ መምህር የሚያስተምረው ትምህርት ግን ዓመቱን ሙሉ በግማሽ ጆሮ ይደመጣል።

የከተማው ሰው በአማርኛ ይግባባል፤ ነገር ግን ከፊትዎ ከተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ የሚናገሩ ናቸው፤ አንደኛ ደረጃን በነዚሁ ቋንቋዎች የተማሩም አሉ። አማርኛ አቀላጥፎ የሚያወራ ልጅ በአማርኛ የተሰጠውን የሒሳብ ማብራሪያ ሁሉ ተረድቷል ማለት አይደለም። አንድን ጽንሰ ሐሳብ አስረድቼ ስጨርስ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡት ልጆች በሚቀናቸው ቋንቋ ለሁለት ደቂቃ እንዲነጋገሩበት አደርጋለሁ፤ መጀመሪያ ሥነ ሥርዓት የሚፈርስ መስሎኝ ነበር፣ ጥያቄ የሚጠይቁኝ ልጆች ቁጥር ሲጨምር ግን ጥቅሙ ገባኝ። እርስዎም ጥቂት ቃላት ይማሩ፤ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንደምን አላችሁ) እና «ገላቶማ» (አመሰግናለሁ)፣ በሶማሊኛ «ነበድ» (ሰላም) እና «መሃድሰኒድ» (አመሰግናለሁ) የሚሉትን የሚያውቅ መምህር በወላጆች ስብሰባ ላይ በሌላ ዐይን ይታያል።

ከጎጃም፣ ከጎንደር ወይም ከሸዋ የሚመጣ መምህርን በብርቱ የሚያስከፋው ደግሞ «አንተ» መባል ነው። የድሬ ልጅ «ቲቸር፣ አንተ እኮ ትናንት ነግረኸናል» ሲልዎት ደምዎ ሊፈላ ይችላል። እባክዎን ይታገሡ። እዚህ አንቱታ በዕለት ተዕለት ንግግር ብዙም የተለመደ አይደለም፤ ልጁ አባቱንም፣ የሠፈሩንም ሽማግሌ በዚሁ አጠራር ይጠራል። አክብሮቱን በሌላ ነገር ይፈልጉት፤ ቦርሳዎን ከእጅዎ ይቀበላል፣ ታመሙ ሲባል ቤትዎ ድረስ ይመጣል። «አቦ» የምትለዋም ቃል የቅርርብ ምልክት ናት።

የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ፣ ከባዱን ትምህርት ጠዋት የሚያስተምሩበትን መንገድ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ያመቻቹ። በፈረቃ ምክንያት ከሰዓት በኋላ ማስተማር ግዴታዎ ከሆነ፣ አዲሱን ነገር በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ይጨርሱት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለቡድን ሥራና ለመልመጃ ይስጡት፤ ልጆቹም ውሃ በኮዳ ይዘው እንዲገቡና እንዲጠጡ ይፍቀዱላቸው። በረመዳን ብዙዎቹ ተማሪዎች ሌሊት ለሱሁር ተነሥተው፣ ቀን ውሃ ሳይቀምሱ የሚውሉ ስለሆነ፣ ፈተናንም ሆነ የሜዳ ስፖርትን ከቀትር በኋላ አያድርጉት። ዓርብም ለጁምዓ የሚወጡ ልጆች ትምህርት እንዳያመልጣቸው አስቀድመው ያስቡ።

ከባልደረቦችና ከጎረቤት ጋር የሚኖረው ኑሮ በቀላሉ የሚገባ ነው። ቤትዎ እንግዳ ሲጠሩ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ የተለያየ መሆኑን ያስታውሱ፤ ሁሉም የሚበላው የጾም ምግብ፣ ዓሣ ወይም ሩዝ በአትክልት ቢያዘጋጁ ማንም ሳይሳቀቅ ይበላል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ማለትም ጫት እየተቃመ ወደሚጫወቱበት ስብስብ፣ ሊጠሩ ይችላሉ። ጫት የማይቅሙ ከሆነ «አልቅምም፣ ሻይ ግን እጠጣለሁ» ብሎ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል፤ ማንም አያስገድድም፣ የጫትን ጉዳት መስበክ ግን የተጋበዘ ሰው ተግባር አይደለም። ወደ ሱቅም ሆነ ወደ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ካለዎት በጠዋት ይሂዱ፤ ቀትር ላይ ብዙ በር ተዘግቶ ያገኛሉ። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል፤ ሰላምታ የሚለዋወጡት፣ የሠፈሩን ወሬ የሚሰሙት፣ የተማሪዎን ወላጅ የሚያገኙት በዚያ ሰዓት ስለሆነ ቤት ዘግተው አይቀመጡ።

ግንቦትና ሰኔ ከወራቱ ሁሉ የሚሞቁ ናቸው፤ የዓመቱ ማጠቃለያ ፈተናና የሮስተር ሥራም የሚደራረበው በዚያው ወቅት ነው። ቬንትሌተር የሚገዙ ከሆነ በየካቲት ይግዙት። የፈተና ወረቀት ከሰዓት በኋላ ለማረም አይሞክሩ፤ ላብ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ነጥብም ይሳሳታል። እኔ ማታ በጊዜ ተኝቼ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እነሣለሁ፤ ወንበሬን በረንዳ ላይ አውጥቼ፣ አዛኑና የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተከታትለው ሲሰሙ ማረም እጀምራለሁ፤ ፀሐይ በጣሪያው ላይ ብቅ እስክትል የአንድ ክፍል ወረቀት አልቆ እሽጉ ይታሰራል።