«ዉዘሪንግ ሃይትስ» አልገፋ ላላችሁ፦ ችግሩና መፍትሄው

ይህን መጽሐፍ ያላዋስኩት ወዳጅ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ ሳይጨርሱ መለሱልኝ። አንዷ ዕልባቱ ሠላሳኛው ገጽ ላይ እንደተሰካ ነው ያመጣችልኝ። «እኔ የፍቅር መጽሐፍ መስሎኝ!» አለች። አልፈረድኩባትም። እኔም ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼው፣ በሦስተኛው ነው የያዘኝ። አሁን ግን በየጊዜው እመለስበታለሁ። አንባቢ የት ላይ እንደሚደናቀፍና ለምን እንደሚደናቀፍ ስለማውቅ ልንገራችሁ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው አነሳዋለሁ። መጨረሻውን ማወቅ ይህን መጽሐፍ አያበላሸውም፤ እንዲያውም ያግዛል።

ደራሲዋ ኤሚሊ ብሮንቴ በሰሜን እንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ሃወርዝ በምትባል መንደር ያደገች የቄስ ልጅ ናት። ልቦለዱ በ1847 «ኤሊስ ቤል» በሚል የብዕር ስም ወጣ። በዓመቱ በ30 ዓመቷ ሞተች። ያሳተመችው ልቦለድ ይሄ ብቻ ነው። «ዉዘሪንግ» የሚለው የአካባቢው ቃል ነው። ማዕበል ሲነሳ ነፋሱ ከፍታ ላይ ያለውን ቤት እየገረፈ የሚያጓራውን ማጓራት ይገልጻል። ይህን ነፋስ ያዙልኝ።

«ማን የማን እንደሆነ ጠፋኝ»

ይሄ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ካትሪን የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እናትና ልጅ። ሊንተን የቤተሰብ ስም ሆኖ ሳለ የአንድ ልጅ መጠሪያ ስምም ሆኖ ይመጣል። ሂትክሊፍ ደግሞ ስሙም የአባት ስሙም ያው አንዱ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ታሪኩ የሁለት ቤተሰብ ብቻ ነው፤ እነሱም እርስ በርስ ይጋባሉ። ኧርንሾዎቹ ከፍታው ላይ ባለው በዉዘሪንግ ሃይትስ ይኖራሉ። ሊንተኖቹ ደግሞ ቆላው ላይ፣ ትራሽክሮስ ግሬንጅ በሚባለው ሞቅ ያለ ቤት።

መፍትሄው ወረቀትና እርሳስ ነው። በግራ ኧርንሾን ጻፉ፤ ልጆቹ ሂንድሊና ካትሪን። በቀኝ ሊንተንን ጻፉ፤ ልጆቹ ኤድጋርና ኢዛቤላ። መሐል ላይ ብቻውን ሂትክሊፍን አስቀምጡት። ከዚያ የጋብቻውን መስመር አስምሩ። ካትሪን ኤድጋርን አግብታ ትንሿን ካትሪንን ትወልዳለች። ኢዛቤላ ከሂትክሊፍ ሊንተን የሚባለውን በሽተኛ ልጅ ትወልዳለች። የሂንድሊ ልጅ ሄርተን ነው። አለቀ። በ1926 ሳንገር የሚባል እንግሊዛዊ ይህን የዘር ሐረግ በጥንቃቄ ሠርቶ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እንደ መስታወት ፊት ለፊት የሚተያዩ መሆናቸውን አሳይቷል። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ ይገጥማል። ስለዚህ ስትደናገሩ ደራሲዋ የተምታታባት አይምሰላችሁ።

«ማን ነው የሚያወራኝ?»

መጽሐፉ በ1801 ይጀምራል። ሎክውድ የሚባል ግሬንጅን የተከራየ የከተማ ሰው አከራዩን ሂትክሊፍን ሊጠይቅ ይሄዳል። ውሻ ይዘልበታል፣ በረዶ ያግተዋል፣ ሁሉም ሰው ይቆጣዋል። አንባቢውም አብሮት ግራ ይጋባል። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ስለገባን ነው። ልክ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደደረሰ እንግዳ ነን፤ ሁሉም ኮስተር ብሏል፣ ማን እንደሞተ ግን ማንም አልነገረንም። ትንሽ ታገሡ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ከእነ ካትሪን ልጅነት ጀምሮ አብራቸው የኖረችው የቤት ሠራተኛ ኔሊ ዲን ወሬውን ትጀምርለታለች፤ ነገሩም መስመር ይይዛል።

ግን ኔሊንም ሙሉ በሙሉ አትመኗት። የወጥ ቤቷን ምሽት እዩ። ካትሪን ኤድጋር እንዳጫት ለኔሊ ትነግራታለች። ሂትክሊፍን ማግባት ክብሬን ዝቅ ያደርገዋል ትላለች። ሂትክሊፍ ጨለማው ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ ይቺን ሰምቶ ድምፅ ሳያሰማ ተነስቶ ይወጣል። ያልሰማው ቀጣዩን ነው፤ እሱ ከእኔ ከራሴ በላይ እኔን ነው፣ እኔ ሂትክሊፍ ነኝ የምትለውን። ኔሊ ሲወጣ አይታዋለች። ወዲያው ለካትሪን አልነገረቻትም። ዝም በይ ብላ፣ ለምን ስትባል አሽከሩ ጆሴፍ መጣ ብላ አሳበበች። ያን ማታ ልጁ ጠፋ፤ ሦስት ዓመት አልተመለሰም። ኔሊ ይህን ስትተርክ ራሷን ብዙም አትወቅስም። መውቀሱ የእናንተ ድርሻ ነው።

«ይሄ እንዴት ፍቅር ይባላል?»

ዋናው ችግር ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እኛ አማርኛ አንባቢዎች የፍቅር ልቦለድ ሲባል ሰብለና በዛብህ ናቸው የሚታወሱን። እነሱን የሚለያያቸው የሰው ሥርዓት ነው፤ እነሱ ንጹሐን ናቸው። በዚያ ዓይን ሂትክሊፍን ብትፈልጉት አታገኙትም። ኢዛቤላን አስኮብልሎ በሚወስዳት ሌሊት ውሻዋን በመሐረብ አንቆ የሚሰቅል ሰው ነው። ካትሪንም ብትሆን የምትወደውን እያወቀች ሌላ አግብታ ሁለቱንም አጠገቧ ማቆየት የምትፈልግ ናት።

ምክንያቱን ልጅነታቸው ውስጥ ፈልጉት። ሽማግሌው ኧርንሾ በእግሩ ሊቨርፑል ደርሶ ሲመለስ ጎዳና ላይ ያገኘውን ወላጅ አልባ ልጅ ካባው ውስጥ ይዞ ይመጣል። ለልጁም የሞተ ወንድ ልጁን ስም ይሰጠዋል። ሽማግሌው ሲሞት ሂንድሊ የቤቱ ጌታ ሆነ። ሂትክሊፍን ትምህርቱን አስተወው፣ ከአሽከሮች ጋር እርሻ አሰማራው። ካትሪንንም ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ሁለት የተተዉ ልጆች ጭው ባለው ሜዳ ላይ ሲሮጡ ይውሉ ነበር። አንዱ ለአንዱ መጠለያ ነበሩ። «እኔ ሂትክሊፍ ነኝ» የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ሰዉ ለሠርግ ካርድ ይመርጠዋል፤ እኔ ግን ሳነበው እፈራለሁ። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ለማን ይታዘናል? ማንን ይቅር ይባላል? ሲለያዩ የሚናፈቅ ሰው አይደለም የሚቀረው፤ ግማሽ አካል ነው። ግማሽ አካል ደግሞ ያገኘውን ይዞ ይሰምጣል።

መፍትሄዬ ይሄ ነው። «ይዋደዳሉ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ይታወቃል። በየትዕይንቱ «ይህ ፍቅር አጠገቡ ያለውን ሦስተኛ ሰው ምን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። ኢዛቤላን ተከተሉ። ኤድጋርን ተከተሉ። ከሁሉም በላይ ሄርተንን። ሂንድሊ ቁማርና መጠጥ ውስጥ ገብቶ ርስቱን ለሂትክሊፍ አስይዞ ሲሞት፣ ሕፃኑ ሄርተን በጠላቱ እጅ ወደቀ። ሂትክሊፍ ጠረጴዛው ላይ ያቆመውና አሁን የእኔ ነህ ይለዋል፤ ያው ነፋስ ካጣመመው፣ አንዱ ዛፍ እንደ ሌላው ጎብጦ ይበቅል እንደሆነ እናያለን። ነፋሱን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ሂንድሊ በእሱ ላይ ያደረገውን እሱ በሂንድሊ ልጅ ላይ ይደግመዋል። ፊደል አያስቆጥረውም።

«ካትሪን ከሞተች በኋላ ምን ቀረ?»

ካትሪን የምትሞተው ምዕራፍ 16 ላይ ነው። መጽሐፉ 34 ምዕራፍ አለው። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ብዙውን ጊዜ ፊልም አይቶ የመጣ ነው። የ1939ኙ የሆሊውድ ፊልም የልጆቹን ታሪክ ጭራሽ ቆርጦታል።

አታቁሙ። ሂትክሊፍ ትንሿን ካትሪንን አግቶ ከበሽተኛ ልጁ ጋር ያጋባታል። በዘመኑ ሕግ የሚስት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለባል ያልፍ ነበር፤ ግሬንጅም በመጨረሻ በሂትክሊፍ እጅ ገባ። ልጁ ወዲያው ሞተ። እሷ መጀመሪያ ሄርተንን አላዋቂ እያለች ታዋርደዋለች። ከቤቱ በር በላይ «1500» ከሚለው ዓመት ጋር «ሄርተን ኧርንሾ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጿል፤ የራሱ ስም ነው፣ ማንበብ ግን አይችልም። ቆይታ መጽሐፍ በነጭ ወረቀት ጠቅልላ ትልክለታለች። ከተቀበለኝ ማንበብ አስተምረዋለሁ ትላለች። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። ይጣላሉ፣ ይቅር ይባባላሉ፣ እሱ ሲሳሳት እሷ ታርመዋለች። ሂትክሊፍ ያያቸዋል፤ ለመበቀልም ጉልበት ያጣል።

በ1802 መስኮት አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። መስኮቱ ክፍት ነበር፣ ዝናቡ አንሶላውን አርሶታል። ሌሊቱን ሙሉ ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ያለቀሰው ከሁሉም በላይ የተበደለው ሄርተን ነው።

ስትጨርሱ ወደ ምዕራፍ 3 ተመለሱ። ሎክውድ በዚያው አልጋ ውስጥ፣ በመስኮቱ ደፍ ላይ የተጫረ ጽሑፍ ያያል። ካትሪን ኧርንሾ፣ ካትሪን ሂትክሊፍ፣ ካትሪን ሊንተን። መጀመሪያ ስታነቡት ምንም አልነበረም። አሁን ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት፤ የእናትየዋ ሕይወት ነው። ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ አንብቡት። ሊንተን ሆና ተወለደች፣ ሂትክሊፍ ሆና ተዳረች፣ ሄርተንን ስታገባ ኧርንሾ ትሆናለች።